የሚጥል በሽታ፡ መድኃኒቱን ማን ይጨምራል፣ ማንስ ያቆማል?



በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቤት በዓይነ ኅሊናችን እንይ። በዚህ ቤት የ13 ዓመት ልጅ አለ። በ9 ዓመቱ ከብት ሲጠብቅ ወድቆ ከተንፈራገጠ ወዲህ ወላጆቹ ያላንኳኩት በር የለም። ሼሁ ቀርተውለታል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ወዳጃ ተይዞለታል፤ ክታብም ታስሮለታል። በመጨረሻ አንድ ዘመድ መክሯቸው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ማታ ማታ የሚዋጥ ፌኖባርቢታል የተባለ እንክብል ታዘዘለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መውደቁ ቆመ፤ ልጁም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ።

ዓመት አለፈ። አባት «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ድኗል፤ ከእንግዲህ መድኃኒቱ ምን ያደርግለታል?» አለ። ረመዳን ሲገባ እንክብሉ ቀረ። ልጁ ግን ከጓደኞቹ ጋር መጾም ጀመረ፤ ሌሊቱንም አብሯቸው ያመሽ ነበር። አንድ ሌሊት እናቱ ለሱሑር ቀስቅሳው ሲነሣ ምድጃው ዳር ወደቀ፤ እጁም በፍሙ ላይ አረፈ።

እንዲህ ያለ ቤት በሀብሩም፣ በወልድያም፣ በሌላውም አገራችን ብዙ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ማታ፣ ከኢፍጣር በኋላ የሚዋጥ እንክብል ጾሙን በምንም የማይነካ መሆኑ ነው። ልጁን ለአደጋ ያጋለጠው ጾሙ ብቻውን አልነበረም፤ ያለ ሐኪም ምክር የቆመው መድኃኒትና የእንቅልፍ እጦቱ ጭምር ነበሩ። በዚህ ጽሑፋችን የመድኃኒቱን መጠን በተመለከተ ቤተሰብ ማወቅ የሚገባውን፣ መድኃኒቱ አልሠራ ሲልም ምን ሌላ መንገድ እንዳለ እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

በሽታው ምንድን ነው?

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው፤ ይህ ሥርዓት ለአፍታ ሲታወክ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ፈዝዞ ይቀራል። መነሻው በወሊድ ጊዜ የደረሰ የአንጎል ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ የራስ ቅል አደጋ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መነሻው አይታወቅም። በአረፋው፣ በትንፋሽም ሆነ አብሮ በመብላት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው። በአገራችን የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ታማሚ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ስሌት 5,000 ነዋሪ ባለው አንድ ቀበሌ 25 ያህል ታማሚዎች ይኖራሉ ማለት ነው። ስንቶቹን ግን ጓዳ ውስጥ ደብቀናቸዋል?

«ይህ የጂን ሥራ ነው፤ ሐኪም ምን ያውቅበታል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ታላቁ ዓሊም ኢብኑል ቀይዪም «ዛዱል መዓድ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሚጥል በሽታን በሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ሐኪሞች መነሻውንና ሕክምናውን የሚመረምሩት የአካል ሕመም መሆኑን አስረድተዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ በሽታው እንደሚጥላትና ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነገረቻቸው። ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ብትፈልግም እንድትሽር ዱዓ እንደሚያደርጉላት አበሠሯት። እርሷም ትዕግሥትን መረጠች፤ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላት። ከዚህ ሐዲስ የምንማረው ታማሚን ማክበርን እንጂ መድኃኒት መተውን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች እንዲታከሙ ማዘዛቸው፣ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም ማስተማራቸው በሌሎች ሐዲሶች ተዘግቧልና። ቁርኣን ማስቀራቱና ዱዓው ይቀጥል፤ ከእንክብሉ ጋር አይጣላም።

የመድኃኒቱ መጠን እንዴት ይወሰናል?

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። ይህ መድኃኒት መውደቅን እንደሚከላከል ከታወቀ ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን በ60 ሚሊ ግራም ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ እስከ 180 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ለልጅ ግን የሚሰላው በክብደቱ ነው። በ9 ዓመቱ የታዘዘለት መጠን በ13 ዓመቱ ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ ልጅ በቀጠሮው ሁሉ ሊመዘን ይገባል።

ፌኖባርቢታል በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚከማች፣ ቀስ እያለም የሚወጣ መድኃኒት ነው። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። «ሦስት ቀን ዋጠው፤ ለውጥ የለም» ብሎ እጥፍ መስጠት ልጁን ከልክ በላይ ያፈዝዘዋል፤ ትንፋሹንም እስከማዳከም ሊያደርስ ይችላል። በድንገት ማቆም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ መውደቁ ከበፊቱ በርትቶ፣ አንዳንዴም ሳያቋርጥ እየተደጋገመ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል።

ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒትም የራሱ ጠባይ አለው። መጠኑ ከአንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ ትንሽ ጭማሪ ብቻ፣ ሞልቶ እንደሚፈስ ጽዋ፣ በደም ውስጥ ያለውን መድኃኒት በጣም ከፍ ያደርገዋል፤ ታማሚው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ካርባማዜፒን በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ በየጊዜው እየተጨመረ ይሄዳል፤ በጀመሩ ሰሞን ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ቫልፕሮኤት በማሕፀን ያለን ጽንስ ስለሚጎዳ፣ መውለድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ አይመረጥም። ይህን መድኃኒት የምትወስድ እህት ብታረግዝ ወይም ለማርገዝ ብታስብ፣ በራሷ ሳታቆም በፍጥነት ወደ ሐኪም ትሂድ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያዳክማሉ፤ ስለዚህ ባለትዳሮች ይህን ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው።

ቤተሰብ ሊይዛቸው የሚገቡ ደንቦች የሚከተሉት ናቸው፤

1. መድኃኒቱን በየቀኑ በአንድ ሰዓት መውሰድ፤ ለምሳሌ ከዒሻ ሶላት ጋር ማያያዝ።

2. ተረስቶ በዚያው ቀን ከታወሰ መዋጥ፤ በማግስቱ ከታወሰ ግን የዕለቱን ብቻ መውሰድ እንጂ ደርቦ አለመዋጥ።

3. አዲስ ዕሽግ ሲገዛ የሚሊ ግራሙን ቁጥር ከቀድሞው ጋር ማስተያየት። «ሁለት ፍሬ» ማለት መጠን አይደለም፤ ሁለት ባለ 30 እና ሁለት ባለ 100 በጣም ይለያያሉ።

4. የወደቀበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መጻፍ። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው ይህን አይቶ ነው።

5. መውደቁ ቢያንስ ለ2 ዓመት ከቆመ በኋላ «ማቆም ይቻል ይሆን?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ። ይቻላል ቢባል እንኳ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ረመዳንና መድኃኒቱ

ታማሚ ሁሉ አይጾምም፣ ታማሚ ሁሉም ጾም አይከለከልም። የሚሻለው በረጀብ ወይም በሸዕባን ወር ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መመካከር ነው። ማታ አንድ ጊዜ የሚወሰደው ፌኖባርቢታል ለጿሚ ይመቻል። በአገራችን የጾሙ ርዝማኔ 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትም በሐኪሙ ፈቃድ በኢፍጣርና በሱሑር ሊደለደል ይችላል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጠውን ግን ቤተሰብ በራሱ ሁለት ጊዜ ሊያደርገው አይገባም።

እንቅልፍ ማጣት መውደቅን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች ዋነኛው ነው። ታማሚው ከተራዊሕ በኋላ ቶሎ ይተኛ፤ ቀንም ጥቂት ይረፍ። ጫት ይዞ ሌሊቱን ማንጋት ለእርሱ አደጋ ነው። ሐኪም «አትጹም» ካለው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 185ኛው አንቀጽ ለታማሚ የሰጠው ፈቃድ አለ፤ በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል። ሕመሙ ቀዷ ማውጣት የማያስችለው ከሆነ ስለ ፊድያ ዓሊሞችን ይጠይቅ። ሩኽሳን መቀበል የኢማን ጉድለት አይደለም።

መድኃኒቱ አልሠራ ካለስ?

ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያጣራቸው ነገሮች አሉ፤ እንክብሉ በእርግጥ በየቀኑ ተውጧል ወይ? መጠኑ ለክብደቱ በቂ ነው ወይ? ሕመሙስ በእርግጥ የሚጥል በሽታ ነው ወይስ ራስን መሳት? በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በትክክል ከታከሙ ታማሚዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተሞክረው መውደቁ ካልቆመ ግን መድኃኒት የሚቋቋም ዓይነት ነው ይባላል። በዚህ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ወደ ወልድያ ሆስፒታል፣ ከዚያም የነርቭ ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር መጠየቅ ይገባል። በዚያ የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራና የኤም አር አይ ፎቶ ይነሣል።

መነሻው አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በዓለም ላይ ያንን ቦታ በቀዶ ሕክምና የማውጣት ዘዴ አለ። በአንገት በኩል የሚያልፈውን ነርቭ የሚያነቃቃ መሣሪያ ከደረት ቆዳ ሥር መቅበርም ሌላው ነው። በተለይ ለልጆች የሚታዘዝ፣ ቅባት የበዛበትና እንጀራና ዳቦን የመሰለ ምግብ በጣም የቀነሰ አመጋገብም አለ። ይህ አመጋገብ እ.ኤ.አ. በ1921 የታሰበው ከምግብ መከልከል በአንዳንድ ታማሚዎች መውደቅን እንደሚቀንስ ስለታየ ነው። ነገር ግን በሐኪምና በአመጋገብ ባለሙያ ተለክቶ የሚሰጥ ሕክምና ስለሆነ፣ «እንግዲያው ጾም ብቻውን ይበቃል» የሚያሰኝ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ለጥቂቶች የሚያስፈልጉ ናቸው፤ ለብዙዎች በቂው ያቺው ርካሽ እንክብል ናት፤ ሳትቋረጥ ከተወሰደች።

መድኃኒት እንዳይቋረጥ

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ሥር በወደቁበት ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መንገድም ተዘግቶ ነበር። የዘወትር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሰሜን ወሎ ቤተሰብ ያውቀዋል። ስለዚህ የመጨረሻዋ እንክብል እስክታልቅ አንጠብቅ፤ ከተቻለ የአንድ ወር ትርፍ እንያዝ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈን ከመታወቂያችን ጋር እናኑር። ሌላ ዓይነት ብቻ ቢገኝ፣ ሳንጠይቅ አንተካ።

ሲወድቅ

ስለታማና ትኩስ ነገር እናርቅለት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር እናድርግ፤ በጎኑ እናስተኛው። ክብሪት አናሽትተው፤ ማንኪያ ወይም ውኃ በአፉ አንጨምር፤ እጁን ጨምድደን አንያዝ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው ፈጥነን ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው። መውደቁ ሙሉ በሙሉ እስኪቆምና ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ባጃጅ አይንዳ፤ ወንዝ ብቻውን አይዋኝ፤ ምድጃም ብቻውን አይጠብቅ። ከዚህ ውጭ ይማር፣ ይሥራ፣ ያግባ።

ውድ ወላጆች! በመግቢያችን ያየነው አባት ልጁን የሚወድ ሰው ነው፤ መድኃኒቱን ያቆመውም ከደስታ የተነሣ ነው። ነገር ግን መውደቁ የቆመው መድኃኒቱ ስለሚወሰድ ነው፤ መድኃኒቱ የሚቆመውም በሐኪም ቃል ነው። ልጆቻችን አማናዎቻችን ናቸው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ አሚን።