«ሐረገ ሐሳብ» ስለሚለው ስያሜ

ሐሳብን ከማዕከል በሚወጡ ቅርንጫፎች እየሣሉ ማደራጀት እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን በ1974 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥንና በመጽሐፍ ካስተዋወቀው ወዲህ ተስፋፍቷል፤ ዛሬ እንደ ፍሪማይንድ ያሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይሠሩታል። የተለመደው ትርጉም «የሐሳብ ካርታ» ነው። ዳሩ ግን ካርታ በይጁቤም ሆነ በደብረ ማርቆስ የከተማ ቦታ ይዞታ ማስረጃ ስም ጭምር ነው (የመጫወቻውን እንተወው)።

ስያሜው የአሠራሩን ጠባይ ሊገልጽ ይገባል። በጎጃም ደጋ የስንዴ ምርት ስለ ምን አነሰ ብለን ብንነሣ፣ ማዕከሉ «የምርት ማነስ» ይሆናል፤ ከእርሱ «የአፈር አሲዳማነት» እና «የማዳበሪያ ጥቅም መቀነስ» ይወጣሉ። አሲዳማነት ግን ፎስፈረስን በአፈር ውስጥ ስለሚያስር ሁለተኛውንም ያስከትላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ቀስት ያሻግራል። «የሐሳብ ዛፍ» ይህን አይዝም፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ተለያይቶ ይቀራል። ሐረግ ግን ይጠላለፋል፤ በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለው ሐረግም እንዲሁ ነው።

«የሐሳብ ሐረግ» ብንል ከሰዋስው ሐረግ ጋር ይምታታል፤ በግእዙ አገባብ «ሐረገ ሐሳብ» ማለትን የመረጥነው ስለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሐሳብ የሚጻፍበትን ስፍራ «አንጓ» እንለዋለን፤ ቀርከሃ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ከአንጓው ነውና።