ደም ሳይፈስ ማስፈራት
ባለፈው ወር ተማሪዎቼ ሊሠሩት ላሰቡት አስፈሪ ፊልም በስልክ ያነሡትን ማስታወቂያ አሳዩኝ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቀይ ቀለም ይፈሳል፣ ጩኸት ይሰማል፤ የክፍሉ ልጆች ግን አውካኩ። ያነሣችው ልጅ አንገቷን ደፋች፤ ፊልሙንም ልትተወው ነበር።

እኔም አልፍሬድ ሂችኮክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ለወጣው «ሳይኮ» ለተባለው ፊልሙ የሠራውን ማስታወቂያ አሳየኋቸው። ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ዲሬክተሩ ራሱ፣ ልክ ቤት እንደሚያከራይ ደላላ፣ ሰው የሌለበትን ሞቴልና ከጀርባው ያለውን ቤት ያስጐበኛል። ደረጃው ዘንድ ሲደርስ የሆነውን መናገር ይጀምርና ይተወዋል። በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ አንዲት ሴት ትጮኻለች፤ አለቀ። አንባቢ ሆይ፣ የምትጮኸዋ እንኳ በፊልሙ ውስጥ እዚያ ስፍራ የምትገደለዋ ጃኔት ሊ አይደለችም፤ ቬራ ማይልስ ናት።

ልጆቹ ወዲያው «እንግዲያው እኛም መታጠቢያ ቤት እናንሣ» አሉ። ይህማ ኩረጃ ነው፤ በፈተና ቢሆን ዜሮ ያሰጣል! ሰውዬው ያስተማረን ዝም ማለትን ነው፤ መጋረጃስ በየቤቱ አለ።

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ቲቸር፣ ዘበኛችን ጋሼ ቁልፋቸውን ይዘው ቤተ መጻሕፍቱን ቢያስጐበኙንስ?» አለች።

ጋሼም ተጠይቀው እሺ ብለዋል። ነገር ግን ከመሸ በኋላ ወደ መጻሕፍቱ ጓዳ አልገባም አሉ፤ ምክንያቱንም አልነገሩንም።