የሚሞት ሃርድ ዲስክ አይጠገንም፤ ይቀዳል

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው ቆቃ ባሉ ከተሞች አንድ ኮምፒውተር ቤት ብዙ ሥራ ይይዛል። ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ ጉርድ ፎቶ ይታተምበታል፣ ፊልምና መዝሙር በፍላሽ ይጫንበታል፣ አልነሳ ያለ ላፕቶፕም ይታይበታል። ላፕቶፑ ምንም ሆነ ምን የሚታዘዝለት መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበታል። ለተንቀራፈፈ ዊንዶውስ ይህ መድኃኒት ይሠራል። ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ግን የሰርጉን ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ እስከ መጨረሻው የሚያጠፋው ይኸው መድኃኒት ነው። እየሞተ ያለ ዲስክ ከእንግዲህ የሚነበብበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ያንን ጊዜ ዲስኩን ለመጠገን ማዋል ማባከን ነው፤ መዋል ያለበት ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ለመቅዳት ነው። ይህን ለመቀበል መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል።

ሃርድ ዲስክ ከውጭ የብረት ሳጥን ነው። ውስጡ በስስ ማግኔታዊ ቅብ የተሸፈኑ ሳህኖች አሉ፤ በላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ በዴስክቶፕ 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። መረጃውን የሚያነብና የሚጽፈው ባለሙያዎች ሄድ የሚሉት፣ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ ያለ እጅግ ትንሽ አካል ነው። ሄዱ ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲዞር ይዞት በሚዞረው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሳህኑ የሚርቀውም ከ10 ናኖሜትር ባነሰ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ስለሆነ፣ በስምጥ ሸለቆ በጋ ከሚቦነው አቧራ ውስጥ አንዲት የማይክሮሜትር ቅንጣት እንኳ ከዚያ ክፍተት በመቶ እጥፍ ትበልጣለች። አምራቾች ለብዙዎቹ ዲስኮች የ3,048 ሜትር የከፍታ ወሰን የሚያስቀምጡትም በዚሁ አየር ምክንያት ነው፤ አየሩ ከሳሳ ሄዱን የሚያነሳው ነገር ይደክማል። ቆቃ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ በዚህ በኩል ከደብረ ብርሃን ይሻላታል፤ በአቧራው በኩል ግን አይሻላትም። (በሂሊየም ተሞልተው ሙሉ በሙሉ ከታሸጉት አዳዲስ ትልልቅ ዲስኮች በስተቀር፣ በሳጥኑ ላይ ማጣሪያ ያላት ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለች። ስቲከር ለመለጠፍ ትመቻለች፤ አይለጠፍባት።)

መረጃው ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይጻፋል፤ ቀድሞ እያንዳንዱ 512 ባይት ነበር፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት ብዙዎቹ ዲስኮች ደግሞ 4,096 ባይት ነው። አንድ ሴክተር መድከም ሲጀምር ዲስኩ ለባለቤቱ አይናገርም። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ ከተወው መጠባበቂያ ቦታ አንዱን ይተካና ዝም ይላል። የቆቃን ሐይቅ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ግድብ ሲሠራ ለደለል ተብሎ የሚተው ቦታ አለ፤ አዋሽ ለአሥርተ ዓመታት ያመጣው ደለል ከታች ሲከማች ከዳር ሆኖ ለሚያይ ውሃው ያው ውሃ ነው። ዲስክም መጠባበቂያው እስኪመናመን ድረስ ጤነኛ ይመስላል፤ ባለቤቱ «ትንሽ ይጎተታል» ሲል ጉዳቱ የቆየ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ይህን የሚያየው አጋንኖ እንደማስፈራራት ነው፤ አንድ ሁለት ሴክተር ቢበላሽ ምን ይሆናል? የጎግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። የመጀመሪያው የንባብ ስህተት በፍተሻ የተገኘበት ዲስክ፣ ስህተት ካልተገኘበት ጋር ሲነጻጸር በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ 39 እጥፍ ነበር። ስለዚህ «አንድ ሁለት ሴክተር» ቀላል ነገር አይደለም። የዚያው ጥናት ሌላ ውጤት ደግሞ በራስ መተማመንን የሚነሳ ነው፦ ከሞቱት ዲስኮች ውስጥ ከ56 በመቶ የሚበልጡት፣ ዲስክ ስለራሱ ጤና ከሚመዘግባቸው አራት ዋና ዋና ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። የጤና መመርመሪያው ፕሮግራም «ደህና ነው» ስላለ ብቻ የሚዘናጋ ሰው የሚተማመነው በግማሽ ማስረጃ ነው። ምልክት ከታየ መጣደፍ ይገባል፤ ምልክት አለመታየቱ ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ታዲያ በዚህ ጊዜ መሠራት የሌለበት ምንድን ነው? አንደኛው፣ ቼክ ዲስክን ማዘዝ ነው። ይህ የዊንዶውስ መሣሪያ የተዘጋጀው የፋይል መዝገቡን ለማስተካከል እንጂ መረጃ ለማዳን አይደለም፤ በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ያልገባውንም መዝገብ ቆርጦ ይጥላል። ፋይሎቹን በማውስ እየጎተቱ መቅዳትም ብዙም አይሻልም። ኮፒው አንድ መጥፎ ሴክተር ላይ ሲደርስ ዲስኩም ዊንዶውስም ያንኑ ቦታ ደጋግመው ለማንበብ ይሞክራሉ፤ የደከመው ሄድ በተጎዳው ገጽ ላይ ሲመላለስ ጤነኛው ክፍል ሳይነካ ዲስኩ ሊያልፍ ይችላል።

በነጻ የሚገኘው የአንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ ፕሮግራም፣ ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው፣ የተገነባው በተቃራኒው አስተሳሰብ ነው። ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ይህም ጥሩ ነው፣ ዊንዶውስ አዲስ ዲስክ ሲሰካበት ሳይጠየቅ የሚነካካው ነገር አለውና። ፕሮግራሙ ስለ ፋይል አይጨነቅም። ዲስኩን ሴክተር በሴክተር ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል፤ ስህተት ሲያጋጥመው አይሟገትም፣ ዘሎ ያልፋል። ቀላሉ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ብቻ ወደዘለላቸው ቦታዎች ተመልሶ ጠርዝ ጠርዛቸውን ይለቅማል፤ በመጨረሻም የቀሩትን ይሞክራል። በዚህ ደረጃ ላይ ዲስኩ ቢሞት እንኳ የሚጠፋው በአብዛኛው ለማንበብ ያስቸገረው ክፍል ይሆናል። የደረሰበትን ሁሉ በየጊዜው ማፕ ፋይል ላይ ስለሚመዘግብ፣ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ባለ 43.2 ሜጋዋቱ የቆቃ ግድብ በቅርብ ርቀት ቢኖርም መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ ማፕ ፋይሉ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ሆኖም የታመመ ዲስክ ሲጠፋና ሲነሳ ይጎዳልና በዩፒኤስ መሥራት ይመረጣል።

አስቀድሞ መቅዳት፣ ማስተካከሉን ለኋላ ማቆየት ለአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ገደማ ጥንታዊ መጻሕፍትን በፊልም አንስቷል። መጻሕፍቱ እስኪጠረዙና እስኪታደሱ ቢጠበቅ ኖሮ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚነሳ መገመት አያዳግትም። ሊቃውንቱ እነ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው ካታሎጉን ያዘጋጁት በፊልሙ ላይ ነበር፤ በዲስክም ፍለጋው የሚካሄደው በቅጂው ላይ ነው፣ ዋናው ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጣል።

ጠፋ የሚባለው ሁሉ እንዳልጠፋም መናገር ያስፈልጋል። በየኮምፒውተር ቤቱ ከሚዞሩት ፍላሾች ጋር የሚዞረው ቫይረስ ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ይተካል። ባለቤቱ «ፋይሌ ሾርትከት ሆነ» ይላል፣ ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል፣ በእርግጥም ይጠፋል። ፋይሎቹ ግን እዚያው ነበሩ፤ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ ድብቅነታቸውን ማንሳት በቂ ነበር። በስህተት የተሰረዘ ፋይልም ከሃርድ ዲስክ ላይ ወዲያው አይፋቅም፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ ይቆያል። ፎቶሬክን የመሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች የፋይል መዝገቡን ትተው የፎቶውን መነሻ ምልክት እየፈለጉ ያወጡታል። በፎቶ ጥሩ ይሠራሉ፤ ተበታትኖ በተጻፈ ረጅም ቪዲዮ ግን ይቸገራሉ፣ ስለዚህ ለሰርግ ቪዲዮ ባለቤት አስቀድሞ ትልቅ ተስፋ መስጠት አይገባም።

ከቴክኒሻኖች የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ «የእኛ ደንበኛ የሚመጣው ዲስኩ ጭራሽ አልነሳ ሲል ነው፤ የማይነበብ ከምን ይቀዳል?» የሚለው ነው። እውነት አለበት፤ ግን የማይነሳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ የመጣ ቮልቴጅ የዲስኩን ኤሌክትሮኒክ ቦርድ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተመሳሳይ ቦርድ ፈልጎ መቀየር በዘመናዊ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ ለዚያ ዲስክ ብቻ የተለካውን መረጃ የያዘችው ትንሽ የሮም ቺፕ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቦርድ መዛወር አለባት። ይህን ሞባይል የሚጠግን እጅ በሙቅ አየር መበየጃ ይሠራዋል። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሄዱ ሞቷል ወይም ሳህኑን እየቧጠጠ ነው፤ እያንዳንዱ ማስነሳት ቅቡን ሊልጥ ይችላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ መንቀልና አለመንካት ነው። በተራ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን መፍታት አቧራውን መጋበዝ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የሚለው አሮጌ ምክር ደግሞ ሳህኑ ላይ እርጥበት ያመጣል። አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ሄድ መቀየር የሚችል ሰው ሊያየው ይገባል፤ ዋጋውም ከላፕቶፑ ሊበልጥ ስለሚችል የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ያልተነካ ዲስክ ምን ያህል ሊተርፍ እንደሚችል ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከሰከሰችውን የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያን ማየት ይበቃል። ከፍርስራሹ የተገኘው ቃጠሎ የጎዳው ዲስክ በባለሙያዎች ተከፍቶ ሳህኖቹ ወደ ሌላ ሳጥን ሲዛወሩ 99 በመቶ የሚሆነው መረጃ ወጥቷል።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜና የገንዘብ ነው፤ ደንበኛው ላፕቶፑን ለዛሬ ይፈልጋል፣ ሁለተኛ ዲስክ ደግሞ ውድ ነው። መልሱ ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ላፕቶፑ አዲስ ኤስኤስዲ ገብቶለት በዚያው ቀን ሊሄድ ይችላል፤ አሮጌው ዲስክ ለመቀዳት ይቀራል። በነገራችን ላይ ኤስኤስዲ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ያወጣል የሚለው ተስፋ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የሚዞርና የሚቧጥጥ ነገር የለውም፤ ነገር ግን ትሪም በሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳ በስህተት የጠፋን ፋይል መመለስ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ይከብዳል፣ ሲሞትም ብዙ ጊዜ ሳያጉረመርም በአንዴ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቀረው ተቃውሞ ነው፤ ከባለቤቱ ይነሳል እንጂ ከቴክኒሻኑ አይነሳም። ሙሉ ቅጂ ማለት የተሰረዘው ሳይቀር የአንድ ሰው ሕይወት በሙሉ በሌላ ሰው ዲስክ ላይ መቀመጡ ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕጉ ግን የኮምፒውተር ቤቱን ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ አይጠብቅም። በተግባር የሚጠብቀው አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ነው፦ የሚቀዳው ባለቤቱ ራሱ በሚገዛው ዲስክ ላይ ይሆናል፣ የወጡት ፋይሎች እርሱ ባለበት ተከፍተው ይታያሉ፣ ያልተነበቡት ሴክተሮች ብዛት ከማፕ ፋይሉ ይነገረዋል፣ ዋናውም ቅጂውም አብረውት ይሄዳሉ።