ኩላሊትዎ የት ጋ ነው?

ግንቦት 1 ቀን በልደታ ማርያም አካባቢ ጎረቤት ተጠራርቶ ከደጅ ይወጣል። ንፍሮው ይቀርባል፤ ቡናው ይፈላል፤ መዋጮው ከበረታ በግም ይታረዳል። በጉ ተገፎ ሆዱ ሲከፈት የመንደሩ እናቶች ማንንም ሳይጠይቁ ጉበቱን ከሐሞቱ ይለያሉ፤ ጨጓራውን ከሽንፍላው፣ ኩላሊቱን ከሞራው ያወጣሉ። ሐሞቱ ከፈረጠ ጉበቱ እንደሚመር ያውቃሉ። ጣፊያው የትኛው እንደሆነ አጠገባቸው የቆመ ልጅ እንኳን አይስተውም።

እኒሁ ሰዎች ታመው ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ግን ነገሩ ይለያል። “ኩላሊቴን” የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እጁን የሚያሳርፈው ወገቡ ላይ፣ ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። “ልቤን” የምትለው ሴት ከእንብርቷ በላይ ትጫናለች። “ጨጓራዬ” የሚባለው ደግሞ ከደረት እስከ እንብርት ያለውን አገር በሙሉ ይገዛል።

ይህ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ችግሩ ብዙዎቻችን ለሕመሙ ራሳችን ስም አውጥተን፣ በዚያው ስም መድኃኒት ቤት ሄደን፣ በዚያው ስም መድኃኒት መግዛታችን ነው። ስሙ ከተሳተ መድኃኒቱም ይስታል። የሰውነት ክፍሎችን ቦታና ሥራ በመጠኑ ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚከተለውን አጭር ጉብኝት ቤተሰብ አብሮ ሊያነበው፣ እያንዳንዱም በገዛ ገላው ላይ በእጁ እየዳሰሰ ሊከተለው ይችላል።

አንጀት የሚበላ ነገር

አማርኛችን የውስጥ አካላትን የሚያነሳቸው አብዝቶ በስሜት ነው። የሚያሳዝን ነገር አንጀታችንን ይበላዋል። የፈራ ሰው ሐሞቱ ይፈሳል፤ ደፋሩ ሐሞተ ኮስታራ ይባላል። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ቡቡ ነው። ያስተዋለ ሰው ልብ ይላል፤ ማስተዋል የጀመረ ወጣት ደግሞ ልብ ገዛ ይባላል።

ይህ የቋንቋችን ሀብት ነው፤ የሚተው አይደለም። ብቻ እነዚህ አባባሎች የሚነግሩን ምን እንደተሰማን እንጂ የትኛው አካል እንደታመመ አይደለም። ሐሞት ጉበት የሚያመነጨው ፈሳሽ ነው፤ ሥራውም ቅባት እንዲፈጭ መርዳት ነው። የማስተዋሉ ሥራም የልብ ሳይሆን የአንጎል ነው።

በግ የሚያስተምረውና የማያስተምረው

የበጉ ትምህርት የሚናቅ አይደለም። እንደ እኛው በጉም አራት ክፍል ያለው ልብ፣ ሁለት ሳንባ፣ ሁለት ኩላሊት፣ ጉበትና ጣፊያ አለው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሆዱ ነው። በግ አመንዣኪ እንስሳ በመሆኑ ሆዱ አራት ክፍል አለው፤ ጨጓራና ሽንፍላ ብለን ለይተን የምንጠራቸውም ከእነዚያ መካከል ናቸው። የሰው ጨጓራ ግን አንድ ከረጢት ብቻ ነው። ሌላው ልዩነት አቋማችን ነው። በግ በአራት እግሩ ይቆማል፤ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የላይኛው አካሉ ክብደት ወገቡ ላይ ያርፋል።

ከእንስሳ ብቻ መማር ምን ያህል እንደሚያሳስት የሕክምና ታሪክም ይመሰክራል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታዋቂው ሐኪም ጋለን ስለ ሰው አካል የጻፈው በአብዛኛው ጦጣና አሳማ የመሳሰሉ እንስሳትን እየከፈተ ነበር። የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጻፈ፤ ከ1000 ዓመታት በላይም እንደ እውነት ሲነገር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1543 አንድሪያስ ቬሳሊየስ የሰው አስከሬን እየከፈተ ያየውን በመጽሐፍ አሳተመና መንጋጋው አንድ አጥንት መሆኑን አሳየ። ዛሬም በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው ከመጀመሪያ ትምህርቶቹ አንዱ ይኸው የሰውነት አሠራር ጥናት፣ አናቶሚ ነው።

እስከ አራተኛ ፎቅ

የሰውነት ክፍሎች ለየብቻ አይሠሩም። በቡድን በቡድን ሆነው የሚሠሩትን ሥራ ነው “ሥርዓት” የምንለው። አንድ ሰው አስቤዛውን ይዞ የልደታ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ሁሉም ሥርዓት ሥራ ላይ ነው። አንጎል በኅብለ ሰረሰርና በነርቮች በኩል ያዝዛል። ከ600 በላይ ከሆኑት ጡንቻዎቻችን የጭንና የባት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ከ206ቱ አጥንቶች ላይ ተጣብቀው እግርን ያነሳሉ። ጡንቻው ኦክስጅን ሲያንሰው ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ልብም ደሙን ለማድረስ ምቱን ይጨምራል።

ነዳጁ ምሳ ላይ የተበላው እንጀራ ነው። እንጀራው አፍ ውስጥ በምራቅ መፈጨት ይጀምራል፤ ጨጓራ በአሲድ ያሸዋል፤ 6 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቀጭን አንጀት ወደ ደም ያስገባዋል፤ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ደግሞ ስኳሩ ወደ ጡንቻ እንዲገባ በር ይከፍታል። ሙቀቱ ሲበዛ ቆዳ ያልባል። ደሙ የሰበሰበውን ቆሻሻ ኩላሊት ያጣራል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። በመሆኑም ደረጃ ወጥቶ ጥቂት ማለክለክ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከወር በፊት በደህና የሚወጡት ደረጃ ዛሬ መሃል ላይ የሚያስቆምዎት ከሆነ፣ ወይም ሲወጡ ደረትዎን ጫን ብሎት ሲያርፉ የሚተውዎት ከሆነ፣ ዕድሜ ነው ብለው አይለፉት። ልብዎ ደም እያነሰው ሊሆን ይችላል።

ደረት፦ ልብና ሳንባ

ቡጢዎን ጨብጠው ደረትዎ መሃል፣ ከደረት አጥንቱ ላይ ያሳርፉና ጥቂት ወደ ግራ ያዘንብሉት። የልብዎ ቦታም መጠኑም ይኸው ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በዕረፍት ጊዜ እንኳን በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። ከግራና ከቀኝ ሳንባዎች ያቅፉታል። የቀኙ ሳንባ ሦስት ክፍል ሲኖረው የግራው ለልብ ቦታ ለቆ ሁለት ብቻ አለው።

ልብና ጨጓራ የሚለያዩት ዲያፍራም በሚባል ስስ የጡንቻ ግድግዳ ነው። በዚህ መቀራረብ ምክንያት የልብ ድካም ሕመም ከእንብርት በላይ ሊሰማ፣ የጨጓራ ቃርም ደረትን ሊያቃጥል ይችላል። እውነት ነው፣ ብዙው “ጨጓራ” የአሲድ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ድንገት የመጣ፣ ደቂቃዎች አልፈውት የማይተው፣ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት ሕመም ኦሜፕራዞል ተውጦ የሚጠበቅ አይደለም። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ ደግሞ ብዙም የደረት ሕመም ሳይኖር፣ በድካምና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል። በደም ሥር መዘጋት የተጎዳ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው ስለሚሞት በ907 ወይም በ939 አምቡላንስ መጥራት ወይም ባገኙት መኪና ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሆድ፦ ከላይ ወደ ታች

ቀኝ እጅዎን ከቀኝ የጎድን አጥንቶችዎ በታችኛው ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። ከሥሩ 1.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ጉበት አለ፤ ሐሞቱ የሚጠራቀምበት ከረጢትም እዚያው ተለጥፏል። ቅባት ከበሉ በኋላ እዚህ ቦታ የሚነሳና ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ሕመም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ሲሆን “የወፍ በሽታ” እንላለን። ይህም ብዙ ጊዜ የጉበት ወይም የሐሞት መተላለፊያ ችግር ምልክት ስለሆነ ምክንያቱ መመርመር አለበት።

በግራ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር ጣፊያ አለ። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሶችን ያስወግዳል፤ ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ጣፊያው ያብጣል። መሃሉን ወደ ግራ አዘንብሎ ጨጓራ፣ ከጨጓራው ኋላ ደግሞ ቆሽት ይገኛሉ። ስኳር በሽታ የምንለው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው ወይም ሰውነት ኢንሱሊኑን በደንብ መጠቀም ሲሳነው የሚመጣ ነው። ከበታቻቸው አንጀት ተጠቅልሏል። በጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል የሚኖረውም በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው።

በቀኝ የታችኛው ሆድ ደግሞ ትርፍ አንጀት አለ። ስሙ “ትርፍ” ይበል እንጂ ሲያብጥ የሚያደርሰው አደጋ ትርፍ አይደለም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ እንብርት ዙሪያ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል፤ መራመድና ማሳል ያብሰዋል። ልጅዎ እንዲህ ብሎ ሲነግርዎት ሆዱን በቅቤ ማሸት ወይም ማስቀመጫ መስጠት አንጀቱ እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል። ከእንብርት በታች፣ ከመሃል፣ የሽንት ፊኛ አለ፤ በሴቶች ከበላዩ ማሕፀን፣ ከማሕፀኑ ግራና ቀኝ ደግሞ እንቁላል አምጪዎቹ አሉ። ስለዚህ የወር አበባዋ የቀረ ሴት በታችኛው ሆዷ በአንዱ ጎን ብርቱ ሕመም ከተሰማት ከማሕፀን ውጪ የተቀመጠ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ኩላሊት፦ እውነተኛው አድራሻ

ኩላሊቶች በሆድ ፊት ለፊት የሉም፤ ወገብ ላይም አይደሉም። ከጀርባ በኩል፣ በመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ናቸው። ሁለቱ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው በሽንት የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

ሲጎነበሱ፣ ዕቃ ሲያነሱ ወይም ብዙ ሲቀመጡ የሚብስ የወገብ ሕመም በአብዛኛው የጡንቻና የአከርካሪ ነው። የኩላሊት ጠጠር ግን ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ቦታ ቢለውጡም የማይተው ብርቱ ሕመም ነው። የኩላሊት ኢንፌክሽን ደግሞ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ያመጣል። ከሁሉ የሚከፋው የኩላሊት ድክመት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ስኳርና የደም ግፊት ለዓመታት በዝምታ ይጎዱታል፤ የሚታወቀውም በደምና በሽንት ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። “ኩላሊቴን” ብሎ ለወገብ ሕመሙ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው ጤነኛ የነበረውን ኩላሊቱን በእነዚሁ መድኃኒቶች ሊጎዳው ይችላል። ጨጓራውንም ሊያቆስሉት ይችላሉ። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ ይሁንና ለጋሽ ዘመድ ማግኘትም፣ እስኪገኝ ድረስ ደም እያስጣሩ መጠበቅም ለቤተሰብ ከባድ ነው።

አንገትና ራስ

“በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚለው ተረት የአንገትን ካርታ በትክክል ያውቃል። እንቅርት ከጉሮሮ ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ነው፤ አንዱ ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት በመሆኑ አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም ይከላከለዋል። ጆሮ ደግፍ ደግሞ ከጆሮ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች በቫይረስ ሲያብጡ ነው። በጉሮሮ መሃል የተንጠለጠለችው እንጥልም ሥራ አላት፤ ስንውጥ ምግብና መጠጥ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ትረዳለች። ሕፃን ሳለ እንጥሉን ማስቆረጥ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል እንጂ አይጠቅመውም።

አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ቢመዝንም ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ደሙ ሲቋረጥበት ፊት ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ አንድ ክንድ ይዝላል፤ ንግግር ይኮላተፋል። ከሦስቱ አንዱን እንኳን ድንገት ካዩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፤ የጀመረበትንም ሰዓት ያስታውሱ። ሐኪሙ አስቀድሞ ከሚጠይቅዎት ነገር አንዱ እርሱ ነው።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ

ሐኪሙ “ምን ሆኑ?” ሲልዎት የበሽታ ስም አይስጡት። መጀመሪያ በአንድ ጣት ቦታውን ያሳዩት። ከዚያ መቼ እንደጀመረ፣ ድንገት ይሁን ቀስ በቀስ፣ ይወጋ፣ ያቃጥል ወይም ይጫን እንደሆነ፣ ከጀመረበት ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው ይንገሩት። የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳይደብቁ ይንገሩት።

ለልጆችም ይህን ማስተማር ከባድ አይደለም። በወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ስለውላቸው ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ ትርፍ አንጀትና የሽንት ፊኛ ያሉበትን ቦታ በእርሳስ ያስሞሏቸው። ወደ ውስጥ የሚያየው መሣሪያ የሐኪሙ ነው፤ ሕመሙ የተሰማው ግን እርስዎ ነዎት። ስሙን ለእርሱ ይተዉለትና ቦታውን እርስዎ ይንገሩት።