ዝግጅት መሃል ተነስቶ መጮህ፦ መብት ነው ወይስ ድፍረት?

ጁን 20 (ሰኔ 13) የዓለም የስደተኞች ቀን ነው። በየካምፑ ድንኳን ይተከላል፣ ሞንታርቦ ይመጣል፣ ልጆች ለሳምንታት የተለማመዱትን ጭፈራ ያቀርባሉ። ከፊት ረድፍ ደግሞ በዓመት አንዴ የምናያቸው እንግዶች ይቀመጣሉ። ታዲያ ራሽን በተቀነሰበት፣ ሪሴትልመንት በቆመበት ጊዜ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ ሰዎቹ ፊታችን ተቀምጠው ካልተናገርን መቼ ልንናገር ነው? ሌላው ደግሞ ኧረ የልጆቹን ዝግጅት አታበላሹ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሌላ ቦታ የሞከሩት ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ማየት ይጠቅማል።

መቼም የተመልካች ሥርዓት ሲባል ብዙዎቻችን ዝም ብሎ መቀመጥ ይመስለናል። በአውሮፓ እንኳ ይህ ልማድ ያን ያህል አሮጌ አይደለም፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ኦፔራ ቤት ሰው እያወራ፣ እየበላ ነበር የሚያየው። ዝምታው የጠነከረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በእኛ አዝማሪ ቤት ደግሞ ዝም ያለው ሰው ነው እንግዳ የሚመስለው። ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበለዋል፤ ሹሙን የሚነካ ነገር ካለም በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ ይወጣል። ለቅሶ ቤት ግን አልቃሿን የሚያቋርጥ የለም። እንግዲህ ጨዋነት ማለት ቦታው የሚፈቅደውን ማወቅ ነው እንጂ አፍን መዝጋት አይደለም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ፈርጉሰን በምትባል ከተማ ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ኦክቶበር 4፣ በአጎራባቿ ሴንት ሉዊስ የከተማው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ብራምስ ለሙታን መታሰቢያ የደረሰውን ሙዚቃ ሊያቀርብ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ቲኬት ገዝተው እንደማንኛውም ሰው ገቡ። እስከ ዕረፍቱ ድረስ ምንም አላሰሙም። ከዕረፍት በኋላ ሙዚቃው ሊጀመር ሲል አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ መዘመር ጀመረ፤ አንዲት ሴት አብራው ተነሳች፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ እያለ 50 ያህል ሆኑ። ዜማው የድሮ የማዕድን ሠራተኞች መዝሙር ነው፤ ግጥሙን ለሟቹ ለውጠውታል። ከሰገነቱ ላይ የልጁ ስም ያለበት ጨርቅ አንጠለጠሉ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው ወጡ። የተናደደ ተመልካች ነበር፤ ያጨበጨበም ነበር፤ ከሙዚቀኞቹ መካከል እንኳ ያጨበጨቡ ነበሩ። ከዚያ ኮንሰርቱ ቀጠለ።

ይህን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ማንንም ከመድረክ አላወረዱም፣ የማንንም ሥራ መሃል ላይ አልቆረጡም። ሰዓቱን መርጠዋል። ሙዚቃው ራሱ ስለ ሞት ነውና መልእክታቸው ከዝግጅቱ ጋር አልተጣላም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ እንደሚያቆሙ ያውቁ ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2011፣ ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ የሆነው ሌላ ነው። የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ እየተጫወተ ሳለ የፍልስጤም ደጋፊዎች በተደጋጋሚ እየተነሱ ጮኹ። ቢቢሲ የቀጥታ የሬዲዮ ስርጭቱን ለማቋረጥ ተገደደ። አዳራሹ ግን በተቃዋሚዎቹ ላይ ጮኸባቸው፣ ኦርኬስትራውም ዝግጅቱን ጨረሰ። ዓላማቸው ስርጭቱን ማስቆም ከነበረ ተሳክቶላቸዋል። እዚያ የተቀመጠውን ሰው ማሳመን ከነበረ ግን አልሆነላቸውም። ሙዚቀኛው የመንግሥቱ ወኪል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ደግሞ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የኤርትራውያን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በጀርመን ጊሰን፣ በስዊድን ስቶክሆልም፣ በእስራኤል ቴል አቪቭ የኤርትራ መንግሥት ደጋፊዎች ያዘጋጇቸው በዓላት በተቃውሞ ታወኩ። ተቃዋሚዎቹ ባዶ ነገር አልነበረም የሚሉት፤ ከሸሸነው መንግሥት ጋር የተያያዘ ዝግጅት ነው፣ በሙዚቃ ስም ገንዘብ ይሰበሰባል፣ እዚህም ድረስ ተከትሎን መጣ ነው የሚሉት። ስሞታው ከባድ ነው። ነገር ግን ድንጋይና ዱላ ሲመጣ ስሞታው ጠፋ። በጊሰን ከ20 በላይ ፖሊሶች፣ በስቶክሆልም ቢያንስ 50 ሰዎች ተጎዱ። በቴል አቪቭ ደጋፊና ተቃዋሚ ተጋጭተው፣ ፖሊስም ጥይት ተኩሶ፣ ከ100 በላይ ሰው ቆሰለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ወዲያው በሁከቱ የተሳተፉት ከአገር እንዲባረሩ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። በማግስቱ ዜናው ሁሉ ስለ ሁከቱ ሆነ፤ ሰዎቹ ለምን ከአገራቸው እንደሸሹ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ዜጋ ሲታሰር ከእስር ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ስደተኛ ግን ኬዙም፣ ወረቀቱም፣ አንዳንዴም የቤተሰቡ ፕሮሰስ አብሮት ይንጠለጠላል። ስለዚህ ሕጉን ማወቅ አለብን። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በአንቀጽ 9 እና 11 ማንኛውም ሰው በሕግ ውስጥ ሆኖ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰብሰብ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ዜጋ ብቻ አይልም። በሌላ በኩል የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 2 ስደተኛው ያለበትን አገር ሕግና የሕዝብ ሰላም ለማስጠበቅ የተወሰዱ እርምጃዎችን እንዲያከብር ግዴታ ይጥላል። የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት አንቀጽ 3 ይጨምርና በየትኛውም አባል አገር ላይ ከአፍራሽ ተግባር እንዲቆጠብ ያዛል። ስለ ውሃና ስለ ራሽን መጠየቅ በእኔ እምነት በምንም ሚዛን አፍራሽ ተግባር አይደለም። ያለ ፈቃድ የተደረገ ሰልፍ ወይም የተሰበረ ወንበር ግን በአገሩ ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ፖሊስ ደግሞ የጮኸውንና የሰበረውን ለይቶ አይዝም።

የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ልጆች እየጨፈሩ መድረኩን መንጠቅ ልክ አይደለም። ልጆቹ ራሽን አልቀነሱም። ንግግር ሊጀመር ሲል ግን ሌላ ነገር ነው። በሁለት ዝግጅት መሃል ወረቀት ከፍ አድርጎ መቆም፣ ሲያጨበጭቡ አለማጨብጨብ፣ ባለሥልጣኑ ሲነሳ በጸጥታ ተነስቶ መውጣት ማንንም አይጎዳም፣ ሁሉም ያየዋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የስደተኛ ኮሚቴው በፕሮግራሙ ላይ አምስት ደቂቃ ይጠይቅ፤ ከተከለከለ መከልከሉን በጽሑፍ ይያዝ።

አዘጋጆቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ የአቤቱታ ሳጥን ቁልፉ ዝጎ፣ ቢሮው በር ላይ ሰው ፀሐይ እየመታው ውሎ እየተመለሰ፣ በበዓሉ ቀን ብቻ ጨፍሩልን ከተባለ ሰው ማይክሮፎኑን ማየቱ አይቀርም።

ምናልባት ሰው ከተያዘ፦ በማትችሉት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት በዚያው ቀን ለዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ክፍል ያሳውቅ። የማረጋገጫ ወረቀታችሁን ፎቶ ቤት ያለ ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ ዋናው ኪስ ውስጥ እያለ ብትያዙ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።