የኦርኬስትራ ድምፅ ያለ ብዙ ገንዘብና ያለ ስርቆት ስለሚገኝበት መንገድ

ኦርኬስትራ ማለት የክር፥ የትንፋሽና የምት መሣሪያዎች ተጫዋቾች በአንድ መሪ ሥር ተሰብስበው የሚጫወቱበት ማኅበር ነው። ሙሉ ሲሆን ከ70 እስከ 100 የሚደርሱ ተጫዋቾች ይኖሩታል። እንዲህ ያለውን ማኅበር ማቆም ከጥንት ጀምሮ የነገሥታትና የባለጸጎች ሥራ እንጂ የአንድ ድሀ ሥራ አልነበረም። ለዚህም ከራሳችን ታሪክ ምሳሌ አለ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ፥ በአርመናውያን ገዳም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው፥ በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት «አርባ ልጆች» የተባለው የሙዚቃ ጓድ እንዲቆም አድርገዋል። ያም የናስ ትንፋሽ ጓድ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ያለ ቤተ መንግሥት ርዳታ ሊቆም ባልቻለም ነበር።

ዛሬ ግን ከዚያ የሚበልጥ ማኅበር ድምፅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ኮምፒዩተር ሊሰማ ይችላል። ይህን ያስቻለው ባለሙያዎች «ሳምፕል ላይብረሪ» የሚሉት የናሙና ድምፅ ስብስብ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ጸጥ ባለ አዳራሽ ተቀምጦ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ይጫወታል። አንዱንም ድምፅ በለሆሳስ፥ በመካከለኛና በኃይል፥ አስረዝሞም አሳጥሮም፥ በደጋንም በጣትም ይደጋግመዋል፤ ሁሉም ይቀዳል። የሌሎቹም መሣሪያዎች ተጫዋቾች እንዲሁ ያደርጋሉ። ከዚህ በኋላ የዜማው ደራሲ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዘውን የፒያኖ ገበታ በነካ ጊዜ፥ ለተነካው ቁልፍና ለአነካኩ ኃይል የሚስማማው ቅጂ ተመርጦ ይሰማል። እንግዲህ የሚሰማው ማሽን የፈጠረው ሳይሆን ሰው ደክሞ የተጫወተው ድምፅ ነው። ከዚህ በታች ስለ ፈቃድና ስለ ስርቆት የሚነገረው ሁሉ በዚህ ነገር ላይ የቆመ ነው።

ይህ ጥበብ በተለይ ከአገሩ ርቆ በአነስተኛ ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይጠቅማል። የኩዌትን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በኩዌት ከተማ በባሕሩ ዳር በ2016 የተከፈተው የሼክ ጃቢር አል አሕመድ የባህል ማዕከል የኦፔራ ቤትና የሙዚቃ አዳራሾች አሉት። ነገር ግን በሳልሚያ፥ በሐወሊ፥ በፈርዋኒያና በሌሎቹም ሰፈሮች ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ናቸው። በ2015 የወጣው የአገሩ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት የአንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። በዚያች አንድ ቀን ስለ አንድ ገዳም ታሪክ ለተሠራ ፊልም ወይም ለሕፃናት ትምህርት የሚሆን ሙዚቃ ማዘጋጀት የሚሻ ሰው፥ እንኳን ኦርኬስትራ አንድ የቼሎ ተጫዋች እንኳ ለመቅጠር አቅም የለውም።

ፈተናው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ቁልፋቸው የተሰበረ፥ በተለምዶ «ክራክ» የሚባሉ የስብስብ ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ፤ ብዙ ሰውም ነገሩን እንደ ስርቆት አይቈጥረውም። ይሁን እንጂ ኩዌት በ2019 ባወጣችው ቁጥር 75 ሕግ የደራሲያንንና የተጫዋቾችን መብት ትጠብቃለች፤ በኢትዮጵያም ከ2004 ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 410 ይህንኑ ደንግጓል። በኩዌት የውጭ አገር ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ ከሕግ ጋር ቢጋጭ የሚያጣው መሣሪያውን ብቻ ላይሆን ይችላል። ከዚህም ሁሉ በላይ ለመንፈሳዊ አገልግሎት የሚቀርብ ሥራ በተሰረቀ ድካም ላይ ቢቆም ፍሬው ምን እንደሚሆን ለመንፈሳውያን ተማሪዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

ደግነቱ ሳይሰርቁ የሚገኝበት መንገድ አለ። ነገር ግን «ነጻ» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ስለሌለው ለይቶ ማወቅ ይገባል።

አንደኛው ያለ ምንም ግዴታ የተሰጠው ነው። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ የቀዳቸውን የኦርኬስትራ መሣሪያዎች ድምፆች ከ1997 ጀምሮ ለማንኛውም ሥራ እንዲውሉ ያለ ገደብ አቅርቧል። ቬርሲሊያን ስቱዲዮስ የተባለው ድርጅትም «ቪኤስሲኦ 2 ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን» የተባለውን ስብስቡን መብቱን ሁሉ ትቶ ለሕዝብ ሰጥቷል። እነዚህን ለሽያጭ በሚቀርብ ሙዚቃ ውስጥ ቢያስገቡም የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው በግዴታ የተሰጠው ነው። የለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ በሺህ የሚቈጠሩ የአባላቱን ቅጂዎች ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ በእነርሱ የተሠራውንም ሙዚቃ መሸጥ ይፈቅዳል። ነገር ግን ናሙናዎቹን እንዳሉ፥ ማለት ሙዚቃ ሳይሠሩባቸው፥ መሸጥም ሆነ ለሌላ ማደል አይፈቅድም። ስለዚህ ለባልንጀራው ሊያካፍል የሚወድ ሰው ቅጂውን ሳይሆን የሚገኝበትን ቦታ ያመልክተው።

ሦስተኛው ነጋዴዎች ደንበኛ ለማፍራት የሚሰጡት ነው። ስፒትፋየር ኦዲዮ የቢቢሲን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በለንደን በማይዳ ቬል ስቱዲዮ ቀድቶ፥ «ዲስከቨር» የተባለውን ትንሹን ክፍል በ2020 ሲያወጣ፥ 49 ዶላር ለሚከፍል ወዲያው፥ ገንዘብ ለሌለው ግን መጠይቅ ሞልቶ 14 ቀን ከጠበቀ በኋላ በነጻ ይሰጠው ነበር። እንዲሁም «ሚዩዝስኮር» የተባለው የኖታ መጻፊያ በ2022 መጨረሻ አራተኛው እትሙ ሲወጣ «ሚዩዝ ሳውንድስ» የተባለውን የኦርኬስትራ ድምፅ ያለ ክፍያ ይዞ ወጥቷል። ኖታ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም።

እነዚህ ያልበቁት ሰው ወደሚሸጡት ቢሄድም ዋጋው የሚቀልበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ሻጮች በኅዳር ወር ዋጋ ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹም የትምህርት ቤት ማስረጃ ለሚያሳይ ተማሪ ቅናሽ ያደርጋሉ። በወር ኪራይ የሚሰጡም አሉ፤ ነገር ግን ኪራዩ ሲቋረጥ ድምፁም ስለሚቋረጥ፥ የተጀመረውን ሥራ ሳይጨርሱና ድምፁን ቀድተው ሳያስቀምጡ ኪራዩን ማቆም አይገባም።

ስብስብ የሚመርጥ ሰው የኮምፒዩተሩንም አቅም መመልከት አለበት። ታላላቆቹ ስብስቦች ብዙ መቶ ጊጋባይት ቦታ ይይዛሉ፤ ዲስከቨር ግን 200 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለ ሆነ ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛ ሰውም ይጠቀምበታል። «ኤስኤፍዜድ» በተባለው ሥርዓት የተዘጋጁትን ስብስቦች ለማጫወት ደግሞ ፕሎግ የተባለው ድርጅት ያወጣው «ስፎርዛንዶ» ያለ ክፍያ ይገኛል። ማንኛውንም ስብስብ ያወረደ ሰው የፈቃዱን ውል አንብቦ፥ ያወረደበትን ቀን ጽፎ ከሥራው ጋር ያስቀምጥ፤ ኋላ ጥያቄ ቢነሣ መልስ ይሆነዋል።

በመጨረሻም የዚህን ጥበብ ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። የምዕራቡ ኦርኬስትራ ስብስብ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል የከፈለ ስለ ሆነ፥ የማሲንቆውን ተንሸራታች ድምፅም ሆነ የእኛን ቅኝት ሁሉ በትክክል አያወጣም። በ10 አውታሩ ላይ በተደረገው እንዚራ የሚንዘረዘረውን የበገናንም ድምፅ በኦርኬስትራ መካከል የሚፈልግ አያገኘውም። ማኅሌትና ቅዳሴም በሰው አንደበት፥ በከበሮ፥ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚፈጸሙ እንጂ ከኮምፒዩተር የሚጠብቁት የለም። የናሙና ድምፅ ቦታው በፊልም፥ በትምህርትና በመሰለው ሥራ ነው።

ሆኖም ይኸው ዘዴ ለእኛም መሣሪያዎች ይሆናል። በገና የሚደረድር አንድ ሰው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ 10ሩን አውታሮች አንድ በአንድ በለሆሳስና በኃይል ቢቀዳ፥ ትንሽ የበገና ስብስብ ይወጣዋል። ፈቃዱንም በግልጽ ጽፎ ቢሰጥ፥ በፈርዋኒያ ያለው ስደተኛ ከአዮዋና ከለንደን በነጻ የተቀበለውን በነጻ የሚመልስ ይሆናል።