ሰብል ጠባቂውን ማን ይጠብቀው? የማማ ላይ አዳርና ጥንቃቄው

በወላይታ ዞን ቆላማ አካባቢዎች በበልግ የተዘራው በቆሎ እሸት መያዝ ሲጀምር የአርሶ አደሩ ሥራ ከቀን ወደ ሌሊት ይሸጋገራል። ሁምቦን፣ ዱጉና ፋንጎን፣ ኪንዶ ኮይሻንና ኪንዶ ዲዳዬን በመሳሰሉ ወረዳዎች ማሳቸው ከቁጥቋጦ፣ ከገደል ወይም ከወንዝ ዳር ደን ጋር የሚዋሰን ቤተሰቦች ምርቱ ጎተራ እስኪገባ ድረስ እፎይ ማለት አይችሉም። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ይመጣሉ። የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ሊባክን ስለሚችል ማሳው በዐይን መጠበቅ አለበት። ለዚህም አርሶ አደሩ ከቀድሞ ጀምሮ የሚጠቀምበት መላ ማማ ነው።

ማማ በቋሚ እንጨቶች ወይም በዛፍ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ የጥበቃ ቦታ ነው። ወለሉ የእንጨት ርብራብ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከላዩ የሣር ክዳን ይኖረዋል። ጠባቂው ከዚያ ሆኖ ማሳውን በሙሉ ይቃኛል፤ ይጮኻል፤ ጅራፍ ያጮኻል፤ ጣሳ ይደበድባል። ዓላማው እንስሳቱን ማባረር እንጂ መግደል አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የደን ማገገም በራሱ መልካም ዜና ነው፤ በሁምቦ ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት በተፈጥሮ ዳግም እንዲያገግም ተደርጎ ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም በዓለም አቀፍ የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዝግቧል። ሆኖም ደን ሲመለስ የዱር እንስሳትም መጠለያ ያገኛሉ። ስለዚህ ከደን ጎን የሚያርስ ሰው ማማን በቀላሉ አይተወውም።

ችግሩ ያለው ማማው የሚሠራው ነቅቶ ለሚጠብቅ ሰው ታስቦ በመሆኑ ላይ ነው። ቀን ሲያርስና ሲኮተኩት የዋለ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ አያድርም፤ ቢፈልግም ባይፈልግም ያሸልባል። በመሆኑም ጥሩ ማማ የሚባለው ሩቅ የሚያሳየው ብቻ ሳይሆን በላዩ የተኛን ሰው ከመውደቅ የሚያድነው ነው።

ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ 1 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ከመሬት የሚጋጨውም በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። በእንቅልፍ ላይ የነበረ ሰው ደግሞ እጁን ለመዘርጋት ወይም በእግሩ ለማረፍ ጊዜ አያገኝም። ጉዳቱ በአከርካሪ ወይም በጭንቅላት ላይ ከሆነ ቤተሰቡ የሚያጣው የአንድ ዓመት ሰብል ሳይሆን ሰብሉን የሚያመርተውን ሰው ነው።

የማማው ጥንካሬ

ፍተሻው የሚጀምረው ከቋሚው ሥር ነው። በቆላማ ቦታ ምስጥ ስለሚበዛ የባህር ዛፍ ቋሚ ከላይ ጤነኛ መስሎ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ያለፈውን ዓመት ማማ ዘንድሮ የሚጠቀም ሰው ሥሩን ዙሪያውን ጥቂት ቆፍሮ በቢላ ወይም በሹል ብረት መውጋት አለበት፤ ብረቱ ያለ ችግር ከገባ ቋሚው መቀየር ይኖርበታል። ከተገኘ ምስጥን በተሻለ የሚቋቋም እንደ ጽድ ያለ እንጨት ይመረጣል።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። ቃጫም ሆነ ልጥ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ሲደርቅ ስለሚኮማተር መጀመሪያ ጠብቆ የታሰረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይላላል። ስለዚህ ማሰሪያው በየወቅቱ መቀየር፣ በመሃሉም እየታየ መጥበቅ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ወለሉን የሚሸከመውን አግዳሚ በባላ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ገመዱ ሳይሆን እንጨቱ ይሆናል።

ከፍታውን በተመለከተ ማማው በቆሎውን አሻግሮ ለማየት ከሚያስፈልገው በላይ መርዘም የለበትም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር የመውደቅን ጉዳት ያከብዳል።

ለሚተኛ ሰው እጅግ አስፈላጊው ክፍል የጎን መከለያው ነው። በሁሉም ጎን ሁለት አግዳሚ ያስፈልጋል። አንደኛው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በእንቅልፍ ልቡ የሚገላበጠውን ሰው ይይዛል፤ ሁለተኛው 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚነሳውን ሰው ይደግፋል። መግቢያው ክፍት ሆኖ ማደር የለበትም፤ ጠባቂው ከወጣ በኋላ የሚሸጎር ጠንካራ እንጨት ሊኖረው ይገባል። ራሱን በገመድ የሚያስር ሰው ደግሞ ገመዱ ከወለሉ ጠርዝ የማያሳልፍ አጭር መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ወገብ ላይ የታሰረ ረጅም ገመድ የወደቀውን ሰው አየር ላይ አንጠልጥሎ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ስለሚችል ከለላ መስሎ ሌላ አደጋ ይሆናል።

መውጣትና መውረድ

በሰሜን አሜሪካ አዳኞች ዛፍ ላይ በሚሠሩት ተመሳሳይ መቀመጫ የሚደርሰው የመውደቅ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሲወጡ፣ ሲወርዱና ከመሰላሉ ወደ መቀመጫው ሲሻገሩ ነው። በእኛ አገር ማማም ጥንቃቄው ከዚሁ ይጀምራል። መሰላሉ ከማማው ጋር ከላይም ከታችም መታሰር አለበት። የሚወጣው ሰው ሁልጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር መሰላሉ ላይ ሊኖረው ይገባል። ይህ የሚሆነው እጁ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ገጀራ፣ ወንጭፍ፣ ምግብና ውሃ በቅርጫት ሆነው ከላይ በገመድ ቢሳቡ ይመረጣል።

ጋቢም ትኩረት ይሻል። ሌሊት ብርድ ይከላከላል፤ ነገር ግን እንደተጎናጸፉት መሰላል መውረድ እግርን ያጠላልፋል። ሳይወርዱ በፊት አውልቆ ማስቀመጥ ወይም ወደ ታች መጣል ተገቢ ነው። ወንጭፍ መወርወር የሚፈልግም ሰው መሬት ላይ ቆሞ ቢሆን ይሻላል፤ በጠባብ ወለል ላይ ክንድን አዙሮ መወንጨፍ ሚዛን ያስታል።

ከሁሉ የሚከፋው ሰዓት ጠባቂው ከእንቅልፉ በርግጎ የሚነሳበት ነው። የዱር አሳማ በቆሎውን ሲሰብር የሰማ ሰው ወዲያው መሰላሉን ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ሰውነት ከእንቅልፍ ሲነቃ አእምሮና ሚዛን ሙሉ በሙሉ እስኪመለሱ ደቂቃዎች ይፈጃል። ስለዚህ ደንቡ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ባትሪ ማብራት፣ ከዚያ ካሉበት ሆኖ መጮህ ነው። በማሳው ዳር ባዶ ጣሳዎችን በገመድ አንጠልጥሎ የገመዱን ጫፍ እስከ ማማው ማድረስ በዚህ ረገድ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል፤ ጠባቂው ሳይወርድ ገመዱን እየጎተተ እንስሳቱን ያስደነግጣል። በጨለማ አለመውረድ ከእባብና ከጅብም ያድናል። መውረድ ግድ ከሆነ ባትሪና እግርን የሚሸፍን ጫማ ያስፈልጋል።

ዕረፍቱ እንዲመች

የሚመች መኝታ ቅንጦት ሳይሆን የደኅንነት አካል ነው። ጎርበጥባጣ ወለል ላይ ያደረ ሰው በማግስቱ ደክሞ ይውላል፤ በቀጣዩ ሌሊት ደግሞ ይበልጥ ያንቀላፋል። ርብራቡ ሳያዘነብል ተስተካክሎ፣ ደረቅ ገለባ ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎበት፣ በላዩ ሰሌን ወይም ቁርበት ቢደረግ ከሥር የሚመጣውን ብርድ ይከላከላል። ጀርባው በነፋሱ አቅጣጫ ተጋርዶ ፊቱ ወደ ማሳው ቢሆን ይመረጣል። ለሽንት የሚያገለግል አንድ አሮጌ ጄሪካን ማማው ላይ ማስቀመጥም በሌሊት መውረድን ያስቀራል።

ሌሊቱን ለሁለት መክፈል ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ሰዎች ሲሆኑ አንዱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሌላው እስከ ንጋት ይጠብቃል። ድንበርተኛ አርሶ አደሮች ማሳቸውን አቀናጅተው በተራ ቢጠብቁ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት ጥቂት ሌሊት ብቻ ያድራል። ብርድን ለመከላከል አረቄ ወይም ቦርዴ ጠጥቶ ማማ ላይ መውጣት እንቅልፍን ያከብዳል፤ ሚዛንንም ያሳጣል።

ወባ፣ እሳትና መብረቅ

የጥበቃው ወቅት ከወባ ወቅት ጋር ይገጣጠማል። በኢትዮጵያ ዋናው የወባ ስርጭት የሚበረታው ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ በበልግ ዝናብ ተከትሎም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባሉት ወራት ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ለቤት የታደለው አጎበር ማማ ላይ ለሚያድረው ሰው አይደርስም፤ ስለዚህ ለማማው የራሱ አጎበር ያስፈልጋል። ከጣሪያው አራት ማዕዘን ታስሮ ጫፉ ከምንጣፉ ሥር መታጠፍ አለበት። ትንኟ ከምሽት ጀምሮ ስለምትናከስ ተረኛው ጠባቂ እጅጌና እግር የሚሸፍን ልብስ ቢለብስ መልካም ነው። ትኩሳት የተሰማው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ መመርመር ይኖርበታል።

ትንኝ ለማባረር ወይም ለመሞቅ ሲባል ማማ ላይ እሳት ማንደድ ሌላው አደጋ ነው። የሣር ክዳንና ደረቅ ገለባ በቅጽበት ይያያዛል፤ መውረጃውም አንድ ብቻ ነው። በሸራ ወይም በላስቲክ በተሸፈነ ማማ ውስጥ ደግሞ የከሰል ፍም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። እሳት ካስፈለገ ከማማው ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይሁን።

መብረቅ ከፍ ብለው የቆሙ ነገሮችን የመምታት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በገላጣ ማሳ መሃል ያለ ማማና ብቻውን የቆመ ዛፍም ከእነዚህ ናቸው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው። በማሳ መካከል አስተማማኝ መጠለያ ስለማይገኝ የሚሻለው ሰማዩ ሲጠቁር አስቀድሞ ወርዶ ወደ ቤት መግባት ነው። መመለስ የሚገባውም የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ጥቂት በቆሎ ቢበላም ኪሳራው ይቻላል።

ልጆችና ማማ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ጥበቃው የልጆች ድርሻ ሆኖ ይታያል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ይከለክላል። አዋጁ የሚመለከተው የቅጥር ሥራን ቢሆንም ምክንያቱ ለቤተሰብ ማሳም ይሠራል። ልጅ እንቅልፉ ከባድ ነው፤ ሲያድር ውሎም በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ በቀን ቢያግዙ፣ የሌሊቱ አዳር ግን ለአዋቂ ቢተው ይመረጣል።

ሰው ከወደቀ

ከማማ የወደቀን ሰው ጎትቶ ማንሳት ወይም ማስቀመጥ አይገባም፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ እንቅስቃሴው ጉዳቱን ያባብሳል። ጭንቅላቱና አንገቱ ሳይጣመሙ ባለበት እንዲቆይ አድርጎ፣ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ፣ በጋቢ አሙቆ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። የግድ መነሳት ካለበት በርከት ያሉ ሰዎች ሰውነቱን እኩል ይዘው በጠፍጣፋ ቃሬዛ ላይ ያሳርፉት። ለዚህ ሲባል ብቻውን የሚያድር ጠባቂ ባትሪው የተሞላ ስልክ መያዝ፣ የት ማሳ እንደሚያድርም ለቤተሰቡ ወይም ለጎረቤቱ ነግሮ መውጣት አለበት።

በዚህ ወቅት ማማ የሚሠራ ወይም የሚጠግን አርሶ አደር ሥራውን ሲጨርስ አንድ ፍተሻ ማድረግ ይችላል። ገና ቀን ሳለ ወጥቶ በወለሉ ላይ ይተኛ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገላበጥ። አግዳሚው ከያዘው፣ ወለሉ ካልተወዛወዘ፣ መግቢያው ከተሸጎረ ማማው ለአዳር ዝግጁ ነው። ካልሆነ ግን ከመምሸቱ በፊት ለመጠገን ገና ጊዜ አለ።